የድሮ የዋንዛ ቡፌ የት ላግኝ? እንዴትስ ላድሰው?

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አዲስ የሚሸጠው ሁሉ ችፑድ ሆነብኝ፣ ያገለገለ የዋንዛ ቡፌ ገዝቼ ሳሎን ላስቀምጥ ነው ያሰብኩት፣ የት ልሂድ? ቫርኒሹንስ ራሴ መቀባት እችላለሁ?

ቤቲ፦ መርካቶ ምናለሽ ተራን ዞር ዞር በልበት፣ ግን ሳትከፍል በፊት መሳቢያውን አውጥተህ ጀርባውንም እግሩንም እይ፣ ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት ነገር ካለው ነቀዝ ገብቶታል ተወው፣ ጭረት ግን አያሳስብህ ይወጣል።

አናጢው፦ ትችላለህ ወንድሜ። በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ መስመር ብቻ ፋቀው፣ ከዛ ደቃቅ በሆነው በ220 ቁጥር አለስልሰው፣ አቧራውን በደንብ ጥረግና ቫርኒሹን ስስ ስስ አድርገህ ደጋግመህ ቀባ፣ ሲደርቅ በየመሀሉ በ220 ነካ ነካ አርገው፣ ባንዴ ካወፈርከው ይሸበሸባል። መስኮት ክፈት!

ቤቲ፦ እጀታው ናስ ከሆነ ደግሞ በናትህ እንዳትቀይረው፣ ፈትተህ በሎሚና በጨው እሸው፣ ያምራል።