እናቴ ሞርፊን ታዘዘላት፣ ወንድሜ ደግሞ አይሆንም ብሏል፣ እባካችሁ

ሰላም ናችሁ፣ እናቴ የጡት ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቶባት ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በቀን 400 ሚሊግራም ብትወስድም ምንም አልያዘላት ሲል ሐኪሙ እሱን አስቁሞ የሞርፊን ሽሮፕ 10 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ አዘዘላት፣ ወንድሜ ግን ሱስ ያስይዛታል ብሎ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል፣ እሷም ልጆቼ እንዳይጣሉ ብላ ትራሷን ጭምድድ አርጋ ይዛ ታድራለች። ሐኪሙ ሕመሙ እስኪነሳ አትጠብቁ፣ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስጧት ነው ያለው፣ ሞርፊኑ ለሚያመጣው የሆድ ድርቀትም ቢሳኮዲል ጨምሮላታል።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው፣ ከድሮም ለእንቅልፍ ዳያዜፓም ትወስዳለች፣ ፋርማሲስቷ ሁለቱ አንድ ላይ ትንፋሽ ያዳክማሉ አለችኝ፣ ዳያዜፓሙን በአንዴ ማቋረጡም አደጋ አለው አሉ፣ ሐኪሙ ደግሞ እስከ ሰኞ የለም። የሕክምና ሰው ካላችሁ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ? ወንድሜንስ ምን ብዬ ላሳምነው?