የደም ካንሰር ከልጅ ወደ ልጅ ይጋባል?

ጠያቂ፣ እናት ከአዘዞ፦
እንደምን ዋላችሁ። የ4 ዓመት ልጄ የደም ካንሰር አለባት ከተባልን ሦስት ሳምንታችን ነው። ኤ ኤል ኤል የሚባለው፣ ልጆች ላይ የሚበዛው ዓይነት ነው ብለውናል። እዚሁ ጎንደር ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱን ማለቴ ነው፣ ጀምራለች። ከመታመሟ በፊት ወንድሟ ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዞ መጥቶ ቤቱን ሁሉ አዳርሶት ነበር። ከሱ ይሆን የያዛት? እናቴ ደግሞ ሰማያዊ ኩባያዋን ለይታ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። «እማ፣ ኩባያዬ ለምን ብቻውን ሆነ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ጎረቤቶቼም ልጆቻቸውን ከልክለዋታል።

ነርስ፣ ከማራኪ፦
አይዞሽ እህቴ። አይጋባም። በኩባያም በትንፋሽም አይተላለፍም። ኢንፌክሽን እጁ አለበት ወይ የሚለውን ግን ተመራማሪዎችም ለዓመታት ሲጠይቁት ኖረዋል። እንግሊዛዊው ሜል ግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጽሑፍ ነገሩ ሁለት ደረጃ አለው ይላሉ። የመጀመሪያው የዘረመል ለውጥ ገና ማህፀን ውስጥ ይፈጠራል፤ ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል። ከነዚህም ከ100 አንዱ ብቻ ነው የሚታመመው። ሁለተኛውን ለውጥ ተራ ኢንፌክሽን ሊቀሰቅሰው ይችላል ነው ሐሳባቸው፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመቱ ከጀርም ተከልሎ ባደገ ልጅ ላይ። ጉንፋን ግን ካንሰር ይዞ አይዞርም። ወንድሟ ይህን ወሬ ሰምቶ ከሆነ ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ዛሬውኑ ንገሪው።

ሌላ መላሽ፦
የድመት ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ቫይረስ የሚባል አለ አይደል? ቤታችሁ ድመት አለ?

ነርስ፣ ከማራኪ፦
አለ፤ ሰውን ግን አይዝም። ኤች ቲ ኤል ቪ-1 የሚባለው የሰው ቫይረስ ሉኪሚያ ያመጣል፤ እሱም የአዋቂዎች ሌላ ዓይነት ነው። ለልጆቹ ኤ ኤል ኤል ተጠያቂ የሆነ አንድ ቫይረስ አልተገኘም።

እናት፣ ልጇ ሕክምናውን የጨረሰ፦
እቱ፣ የኔው ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። ነገሩን ገልብጠሽ እዪው። ከሷ ወደ ሰው የሚሄድ የለም፤ ከሰው ወደሷ የሚመጣው ነው የሚያስፈራው። ኬሞ በሽታ የመከላከል አቅሟን ያወርደዋል። ቴርሞሜትር ግዢ። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ይዘሻት ሂጂ፤ ፓራሲታሞል ሰጥቼ ልያት አትበይ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ አጠገቧ ከደረሰ ሐኪሟ ይወቅ። ቤት ውስጥ ለክትባት የደረሰ ሕፃን ካለም፣ በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለከታቢዋ አስቀድመሽ ንገሪ። ጸበል ብትወስጃትም መድኃኒቷን አንድ ቀን አታቋርጪ። ኩባያዋ ለብቻ ቢሆን ግድ የለም፤ ለሷ ብለን መሆኑን ግን ትወቅ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኩባያዋን ከመስኮቱ አውርጄ ከኛው ጋር ደረደርኩት። «ማንም እንዳይነካብሽ ነው» ስላት ደስ አላት። ቴርሞሜትሩ ባለ ባትሪው ይሻላል?