የባዮፊልተሩን ፕላስቲክ በቧንቧ ውሃ አጠብኩት፣ አሞኒያው አልወርድ አለ

የኤላት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤላት አካባቢ የብስ ላይ ባለ ዴኒስ የሚባል የባህር አሳ እርባታ ነው የምሰራው፣ ውሃው ከቀይ ባህር ይሳባል ከዛ በባዮፊልተር እየተጣራ ይዞራል። ከ11 ቀን በፊት ጽዳት ላይ ሆነን ባዮፊልተሩ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ቀለበቶች ቡናማ ልጋግ ለብሰው ሳያቸው ቆሻሻ መሰለኝና በቧንቧ ውሃ በፕሬዠር አጥቤ አጥቤ ነጭ አደረግኳቸው፣ አለቃዬም ጎሽ አለኝ። በ3ኛው ቀን አሞኒያው ከ0.4 ተነስቶ 3 ሚሊግራም በሊትር ገባ፣ ውሃው ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል፣ አሳዎቹ ምግብ ሲበተንላቸው ዞር ብለው አያዩም፣ ውሃ መግቢያው ጋ ተሰብስበው ስንጥባቸውን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባሉ። እስከ ዛሬ ጠዋት 60 ምናምን የሞቱ አውጥቻለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን አለቃዬ የጨረሳቸው ባክቴሪያ ነው፣ አሳዎቹን አዛውረን መስመሩን በሙሉ፣ ገንዳውንም ቧንቧውንም ባዮፊልተሩንም፣ በክሎሪን እንምታውና እንደ አዲስ እንጀምር ይላል። ነገ ጠዋት ነው የሚወሰነው፣ ባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሳልሞን ቤት ኖርዌይ፦
ወንድሜ ክሎሪኑን አስተዉት!! ያ ቡናማ ልጋግ እኮ ባዮፊልተሩ ራሱ ነው፣ ፕላስቲኩ የባክቴሪያዎቹ ቤት ነው እንጂ። እዛ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩት አንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል። የቀይ ባህር ውሃ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ ከዛ አውጥተህ ጨው የሌለው ያውም ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ስትለቅባቸው ምን ይተርፋል? እነሱ ደግሞ ቶሎ አይራቡም፣ የጨው ውሃ ላይ አዲስ ባዮፊልተር እስኪደርስ 2 ወር 3 ወር ይፈጃል።

አሁን ዛሬውኑ ምግብ አቁም፣ ያልበላ አሳ ብዙ አሞኒያ አያወጣም። ከባህሩ አዲስ ውሃ በብዛት አስገባ፣ ኦክስጅን ጨምር። ፒኤቹን በአንዴ ከፍ እንዳታደርግ በተለይ፣ ፒኤች በ1 በጨመረ ቁጥር የአሞኒያው መርዛም ክፍል ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል፣ ስለዚህ ሶዳ መጨመር የምትለምድ ከሆነ አሞኒያው እስኪወርድ ታገስ። በኋላ ግን ትፈልገዋለህ፣ ባክቴሪያዎቹ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲያቃጥሉ 7 ግራም ያህል አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው ወደ አሲድ እንዳይሄድ የሚይዘውን ነገር፣ ይጨርሳሉ።

እናት ጓዳ፦
እኔ የባህር ማይክሮባዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን ቡሃቃ ሙልጭ አድርገው አያጥቡም አይደል፣ የቀረው እርሾ ነው ቀጣዩን ሊጥ የሚያነሳው። አንተም ያልታጠበ ሌላ መስመር ካላችሁ ከዛ ጥቂት ቡናማ ቀለበት አምጥተህ ጨምርበት፣ በዛው በባህር ውሃ እርጥብ እንዳለ ነው ታዲያ፣ ሳይደርቅ።

ውሃው የደፈረሰው ደግሞ ቦታው ባዶ ስለሆነ ነው። ማንም በሌለበት ገንዳ ቀድሞ የሚሞላው ቶሎ የሚራባው ነው፣ ቫይብሪዮ የሚባለው አሳ የሚያሳምም የባህር ባክቴሪያ ምግብ ካገኘ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እጥፍ ይሆናል፣ አሞኒያ የሚበሉት ግን እጥፍ ለመሆን አንድ ቀንም ከዛ በላይም ይፈጅባቸዋል። ኖርዌይ፣ ትሮንዳይም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለአሳ ጫጩቶች ይሄን ብዙ ዓመት ሰርተውበታል፣ በጣም የተጸዳ ውሃ ሳይሆን የበሰለ ውሃ፣ ማለትም ዝግ ብለው የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ቀድመው የያዙት ውሃ ነው ለጫጩቶቹ የሚሻለው። በክሎሪን ስትመታው የሞተው ሁሉ ለቫይብሪዮ ቀለብ ነው የሚሆነው።

ቀይ ባህር 7፦
በእርሾው ሀሳብ እስማማለሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ከሌላ መስመር የሚመጣ ቀለበት በሽታም ይዞ ይመጣል። እኛ ጋ እንደዛ ተደርጎ የስንጥብ ጥገኛ ተዛምቶብናል። መጀመሪያ የዛኛው ገንዳ አሳ በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ጤነኛ ከሆነ ብቻ።

እና ደግሞ ቧንቧው ጥግ ላይ ዝቃጭ ተጠራቅሞ ከሆነ ቀስ ብለህ አውጣው እንጂ አትቆስቁሰው። የባህር ውሃ ውስጥ ሰልፌት ሞልቷል፣ ኦክስጅን በሌለበት ዝቃጭ ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ያንን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያደርጉታል፣ የገማ እንቁላል የሚሸተው። አንድ ሌሊት ፓምፕ ቆሞ ሲነሳ ያ ጋዝ ገንዳው ውስጥ ገባና ጠዋት ስንመጣ ሙሉ ገንዳ አሳ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ነበር። እስካሁን አይኔ ላይ አለ።

የኤላት ልጅ፦
ከ16 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው ይቅርታ። ክሎሪኑ ቀረ፣ የጻፋችሁትን ተርጉሜ ለአለቃዬ አነበብኩለት። ከ2ኛው መስመር አሳዎቹን አስመርምረን 3 ባልዲ ቀለበት አመጣን። አሞኒያው ዛሬ 0.6 ነው፣ ውሃው ጠርቷል፣ ትናንትና ግማሽ ምግብ ሰጥቻቸው ተሻሙበት። ግን ናይትራይቱ 5 ሆነብኝ፣ ይሄስ አይገድልም?

ሳልሞን ቤት ኖርዌይ፦
ጎበዝ! አሞኒያ የሚበሉት ገብተው ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው፣ ናይትራይት የሚበሉት ትንሽ ይዘገያሉ። ጨው አልባ ውሃ ላይ ቢሆን ያስፈራኝ ነበር፣ ባህር ውሃ ውስጥ ግን ክሎራይዱ ስለበዛ በስንጥብ በኩል ከናይትራይቱ ጋር ይሻማና ብዙ እንዳይገባ ያደርገዋል። ምግቡን እዛው ግማሽ ላይ ያዘው፣ በየቀኑ ለካ፣ ቀለበቶቹን በእጅህ ዳስሳቸው፣ ማሟለጭ ከጀመሩ ቡናማው እየተመለሰ ነው።

የኤላት ልጅ፦
አሁን ሄጄ ዳሰስኳቸው፣ ያሟልጫሉ።