ዊንዶውስ 10 የሚሠራ የቤት ኮምፒውተሬን ከደንበኞች ፍላሽ ቫይረስ እንዴት ልጠብቀው?

ውድ ባለሙያዎች፣ በጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ በመኖሪያ ቤቴ የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ እሠራለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመሆናቸው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ በአንዳንዶቹ ፍላሾች ላይ ግን ዋናዎቹ ፋይሎች ተደብቀው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ስለሚታይ፣ ቫይረሱ የሒሳብ መዝገቤንና የደንበኞችን ሰነድ ወደያዘው ኮምፒውተር እንዳይሻገር እሰጋለሁ። ፍላሽ አልቀበልም ማለት ደግሞ ገበያ መዝጋት ነው።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳላሳድገው፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ የለውም፤ ሊኑክስ ወደተባለው ሌላ ሥርዓት እንዳልዞር ብዙዎቹ ሰነዶች ለዊንዶውስ በተሠራው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው።

ስለዚህ ፍላሽ ብቻ የሚከፈትበት፣ ከኢንተርኔት የተለየ አሮጌ ላፕቶፕ መመደብ ይሻላል ወይስ አውቶራንን (ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን) ዘግቶ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ጸረ ቫይረስ በዊንዶውስ ዲፌንደር መፈተሽ ይበቃል? መጠባበቂያ ቅጂ የማስቀምጥበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሁልጊዜ ተሰክቶ ከቆየ ፋይል ቆላፊው ቫይረስ እሱንም ሊቆልፈው ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥበትና ኔትወርክ በሚደክምበት ሁኔታ ቅጂውን መቼና እንዴት ብወስድ እንደሚሻል እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።