የመመረቂያ ጥናቴ ከቡና አበባው ጋር ረገፈ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ናችሁ? ጅማ የመጨረሻ ዓመት የግብርና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ንቦች ቡና አበባ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ መቁጠር ነበር። ማና ወረዳ ማሳቸውን የሚፈቅዱልኝ ሰው አግኝቼ፣ ቅጹን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ችግሩ፣ ቡና ቀጠሮ አያውቅም። ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ፣ ሳምንት አስር ቀን ቆይቶ በአንዴ ያብባል። ሁለት ሦስት ቀን ነጭ ሆኖ ይታይና ይጠወልጋል። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ጣለ። ፈተናው ደግሞ ተገፍቶ ተገፍቶ እዚያው ላይ አረፈ። ጨርሼ ስደርስ አበባው ጠውልጎ፣ ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተለጥፏል። ባለማሳው «ልጄ፣ አመለጠሽ እኮ» ብለው ቡና አስፈሉልኝ። ምን ያድርጉ!

አማካሪዬ የቡና ፍሬ በሽታ ላይ ሥሪ ይላሉ። በሽታው የሚያጠቃው በተለይ በማደግ ላይ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ ስለሆነ ጊዜው አላለፈም፤ ማሳውም ያው ነው። ግን በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ እኔና ፈንገስ ደግሞ አንተዋወቅም። ሌላው አማራጭ ንቡን ሳልለቅ ገበሬዎችንና ቀፎ ሰቃዮችን ቃለ መጠይቅ ማድረግ ነው። ልቤ ወደዚህ ያደላል፤ ቀላል ስለሆነ እንዳይሆን ብቻ እፈራለሁ።

መሃል ላይ ርዕስ የቀየራችሁ፣ ፕሮፖዛሉ እንደ አዲስ ነው የሚጸድቀው ወይስ አሻሽሎ ማስገባት ይበቃል? የታመመውን ፍሬ ማሳው ላይ ቆጥሮ በመቶኛ ማስላት ያለ ላብራቶሪ ያስኬዳል? «በርቺ» የሚለውን እናቴ በየቀኑ ስለምትልልኝ፣ እናንተ የሠራችሁበትን መንገድ ንገሩኝ።