ሥራ ያስተማሩኝን ሰዎች እንዴት ልምራ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሎጅ ምግብ ቤት ነው የምሠራው። 27 ዓመቴ ነው። ከሦስት ወር በፊት የአስተናጋጆች ኃላፊ ሆንኩ። ከዘጠኙ አራቱ ትሪ አያያዝ ያስተማሩኝ ናቸው። አንዷን እስካሁን እትዬ ነው የምላቸው።

ባለፈው ዓርብ ለስድስት ጿሚ እንግዶች የፍስክ ሽሮ ቀረበ። አንዲት እናት ቀምሰው ደነገጡ። እኔም እትዬ ላይ እዚያው እንግዳ ፊት ጮህኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። ሥራው ይሠራል፣ ሳቁ ግን ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ «ጠንከር በይ፣ ይንቁሻል» ይለኛል። ጥሩ አለቃ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ምን ያደርግ እንደነበር ንገሩኝ።

የፈትል ክፍል ጡረተኛ፦
የኔ ልጅ፣ ዕድሜዬን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የጨረስኩት። በሦስት ፈረቃ እንሠራ ነበር። ብዙ ፎርማን አይቻለሁ፣ አንዱን ግን አልረሳቸውም። ፈረቃ ከመቀየሩ ሩብ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። የሚወጡትን «የትኛው ማሽን አስቸገራችሁ?» ይላሉ። ክር ደጋግሞ ሲበጠስ ሌላው ፎርማን ሠራተኛዋ ላይ ነበር የሚጮኸው። እሳቸው መጀመሪያ ጥጡን በጣታቸው ያዩታል። ቀጥሎ የክፍሉን እርጥበት። አየሩ ሲደርቅ ክር ይበጠሳል፣ ልጅቱ ምን ታድርግ? ጥፋቱ የሰው ሲሆንም ለብቻ ጠርተው ነው የሚናገሩት። ማሽኑ እየጮኸ እንኳ ሰው ፊት አይቆጡም ነበር።

እስቲ ልጠይቅሽ። ያን ቀን ትእዛዙን የጻፈው ማን ነበር?

ጀልባ ነጂ፦
እኔ ወደ ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ሌላ ነው። ረዳት ሆኜ ስጀምር 17 ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን እንግዶቹ ገዳም ቆይተው ዘገዩ። ካፒቴኑ ሞተር ሲያስነሣ «ውሃው ጠቁሯል» አልኩት፣ እየፈራሁ። ዞር ብሎ አየና ሞተሩን አጠፋ። ለእንግዶቹም «ልጁ ያየውን እኔ አላየሁም፣ ትንሽ እንቆይ» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ደብቄው አላውቅም። ነዳጅ ባፈስ እንኳ ራሴ ሄጄ ነበር የምነግረው።

ጣና ዳር፦
ጋሼ፣ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሳኝ። ዛሬ ጠዋት የትእዛዝ ደብተሩን ገልጬ አየሁ። የኔ እጅ ጽሑፍ ነው። «ሽሮ 6» ይላል። «ጾም» የሚል የለበትም።

ሥራ ሳይጀመር ዘጠኙንም ሰብስቤ ወረቀቱን አሳየኋቸው። እትዬን ሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ፣ የጮህኩባቸው ሰው ፊት ነውና። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉት። «ረቡዕ ጠዋት ቀደም ብለሽ ነይ» አሉኝ፤ «የጾሙን ድስት ለይተን ምልክት እናድርግበት።»