የዙህርን (የቀትር) እና የአስርን (የከሰዓት በኋላ) ሶላት በሥራ ምክንያት በአንዱ ጊዜ አጣምሮ መስገድ ይፈቀድልኛልን?

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሃይማኖት በማይነሣበት መሥሪያ ቤት ስለምሠራ፣ ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት የአስር ሶላት ጊዜ በስብሰባ ላይ እያለሁ ያልፈኛል። ከእስልምና የሕግ መዝሀቦች (መንገዶች) መካከል ሐነፊዮች በሐጅ ጊዜ በዐረፋና በሙዝደሊፋ ካልሆነ በቀር ማጣመርን እንደማይፈቅዱ፣ ሐንበሊዮች ግን ለችግር ሰፋ ያለ ፈቃድ እንደሚሰጡ ዐውቃለሁ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ሳሉ ያለ ስጋትና ያለ ጉዞ ዙህርን ከአስር አጣምረው መስገዳቸውን ባልደረባቸው ኢብን ዐባስ ያስተላለፉበትን ሐዲስም አንብቤአለሁ።

የጨነቀኝ ግን አለቃዬን 10 ደቂቃ ለመጠየቅ ማፈሬ ነው (ለሻይ ስወጣ አላፍርም)፤ ስለዚህ ዕፍረቴን በችግር ስም እየሸፈንሁ እንዳልሆነ እርግጠኛ መሆን አልቻልሁም። ፈቃድ ሳልጠይቅ ባጣምር እንደ ችግረኛ እቆጠራለሁን? በዚህ ያለፋችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጥያቄውን ለአለቆቻችሁ በምን ቃል አቀረባችሁት?